ጠቅ ወይስ ደቅ

መኪና ነገረኛ ናት። መንገዱን ሙሉ ስታቃስት ትመጣና ልክ ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ፣ ጥርሱን ሊያስነቅሉት እንዳመጡት ልጅ «ተሽሎኛል» ብላ ጸጥ ትላለች። ባለቤቷ በሰማይ በምድር ቢምል፣ ሞተሩን ደጋግሞ ቢያስነሳ፣ ነዳጅ ቢረግጥባት ወይ ፍንክች። መካኒኩ ፊት ውሸታም አድርጋው ቁጭ።

ጆሮ የሚባለው መካኒክ ለዚህ ተንኮሏ መድኃኒት ያገኘላት ገና በወጣትነቱ ነው። ኮፈኖውን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን ከፊቱ ያቆምና «በል በአፍህ አሰማኝ» ይለዋል። ሰው ያፍራል። ከረባት ያሰረ የባንክ ሰው ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ ከንፈሩን አሹሎ «ሲጢጢጢጥ» ሲል ማየት ራሱን የቻለ ትርዒት ነበር። ጆሮ ግን አይስቅም። አንገቱን ዘንበል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የኑዛዜ ቃል እንደሚቀበል ሰው ያደምጣል። ሲጥ ካለ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቷል። ፍሽሽ ካለ የሆነ ቦታ አየር ያመልጣል። ጠቅ ጠቅ ካለ ቫልቭ ነው፤ ክፍተቱን ማስተካከል ነው እንጂ አያስቸኩልም፣ እንዲያ እያለች አገር ታዞራለች። ደቅ ደቅ ካለ ግን ብሮንዚኑ ተበልቷል፤ ብረት ከብረት እንዳይማታ መሀል የተኛው ስስ ትራስ አልቋል ማለት ነው። ያኔ ሞተሩን እዚያው አጥፍቶ መውረድ እንጂ «እስከ ቤት ላድርሳት» ማለት የለም። የተበላ ብሮንዚን የሰው ቀጠሮ አያከብርም፤ ደስ ባለው ኩርባ ላይ ሞተሩን ቀጥ ያደርገዋል።

«በጠ እና በደ መሀል የሰው ነፍስ አለ» ይል ነበር፣ ሲያሻው።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ጆሮ ጆሮ በነበረው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የጠፋበት ሲጥታው ነው። ቺንጋ የላላባቸው መኪናዎች መምጣት ያቆሙ ሲመስለው፣ «ዕቃ ሠሪዎቹ ልብ ገዝተዋል» ብሎ ከልቡ አመሰገናቸው። ቀጥሎ ከጣሪያው ላይ ወፎቹ ተሰደዱ። ከዚያ ስልክ የሚደውሉለት ሰዎች በሙሉ ጉንጫቸውን በጥጥ የጎሰጎሱ መሰሉት። ጥፋቱ የወፎቹም የሰዎቹም አለመሆኑ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባውም ትንፍሽ አላለም። እጁ የዛለ መካኒክ ወንበር ስቦ ሌላውን ያዛል። ስሙ ጆሮ የሆነ መካኒክ ጆሮው ሲከዳው ምን ይሁን ተብሎ ይጠራል?

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ድሮ ሲያደምጥ የሚጨፍነውን ዓይኑን አሁን አፍጥጦ የሰውን ከንፈር ማየት ጀመረ። ደንበኛው ሁሉ «ሰውየው በሰለ፣ አሁንማ ዓይን ዓይንህን እያየ ነው ልብህን የሚያነበው» አለለት። ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን በጥርሱ ይነክሳል፤ ንዝረቱ በመንጋጋው አድርጎ ራስ ቅሉ ውስጥ ይገባለታል። ያንንም እንደ አዲስ ጥበብ ቆጠሩለት፤ ማዶ ያለው ጋራዥ ውስጥ ሁለት መካኒኮች ምንነቱ ሳይገባቸው ካቻቢቴ መንከስ ጀምረው ነበር ይባላል። ስልክ ሲደወልለት ደግሞ «መኪና በስልክ አይታከምም፣ ይዘሃት ና» ብሎ ይዘጋል። ያኛው ወገን ምን እንዳለ ሳይሰማ የሚሰጠው መልስ ይህ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። አንዴ ብቻ የሚስቱ አጎት «እንደምን ከረምክ» ሊሉት ደውለው ይህንኑ መልስ ሰጥቷቸዋል።

ቤት ውስጥ ግን ጥበብ አላዋጣም። ሚስቱ ከጓዳ ስትጣራ ዝም። ከኋላው ስታዋየው ዝም። ሰውየው ንቆኛል ብላ አንጀቷ ቆስሏል። «ድሮ መርፌ ስትወድቅ ይሰማ የነበረ ሰው፣ ዛሬ እኔ ብወድቅ ዞር አይልም» ብላ ለጎረቤቷ አልቅሳለች፤ ጎረቤቷ ደግሞ ለጎረቤቷ። የሚያሳዝነው እሱ የባሰ እንዳይመጣ ብሎ በዚሁ ስም ተስማምቷል። ደንቆሮ ከመባል ሰው ናቂ መባልን መረጠ። አማቱ በበኩላቸው ዓይናቸው እየደከመ ነው። የማታይ አማትና የማይሰማ አማች አንድ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ያ ቤት የሰላም ቤት ነው ያሰኛል፤ ልዩነቱ እሳቸው ሕመማቸውን ተናግረው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ተይዞላቸዋል።

በዚሁ ቀጠሮ ነው ነገሩ የተነሳው። ሐኪሙ ያለው ከተራራው ወዲያ፣ ከረጅሙ ቁልቁለት ግርጌ ባለችው ከተማ ነው። አማቱን ይዛ የምትሄደው የሚስቱ ታናሽ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊዋ። በዋዜማው አሮጌ መኪናዋን እየነዳች ጋራዡ መጣች። ዳገት ስትወጣና ስትሞቅ ድምፅ አምጥታለች አለችው። እንደ ደንቡ መኪናዋ ጭጭ። እሱም እንደ ደንቡ በአፍሽ አሰሚኝ አላት። ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስፒል በከንፈሯ ይዛ የምታወራ ሴት ናት፤ ባዶ አፏንም ቢሆን ከጥርሷ ጫፍ በላይ አትከፍተውም። ሁለቴ ሦስቴ አሰማችው። እሱም አየ። ጠቅ ጠቅ ብሎ አነበበው። ካቻቢቴውንም ነከሰ፤ ሞተሩ ገና ስላልሞቀ መንጋጋው የነገረው የተለየ ነገር የለም።

«ቫልቭ ነው፤ ስትመለሺ አስተካክልልሻለሁ። ሂጂ፣ ምንም አትሆኚም» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ እናቷን ከኋላ አስቀምጣ መንገድ ጀመረች።

ጆሮ ጋራዡን ከፍቶ ሥራ እንደጀመረ አጠገባቸው ያለው ጎሚስታ ጎማ እያንከባለለ አለፈ። የጎሚስታው አባት ከታመሙ ሰንብተዋል። ጆሮ ቀና ብሎ «አባትህ እንዴት ናቸው?» ሲል ጠየቀው። ጎሚስታው አንዲት ቃል መለሰ። ጆሮ የሰውየውን ከንፈር አየ፤ «ደና» ነው የሚለው።

«እሰይ» አለ፣ ትከሻውን ቸብ አድርጎ። «እኔም የምጸልየው ይህንኑ ነበር።»

ጎሚስታው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ጎማውን እዚያው ጥሎት ወደ ቤቱ አቅጣጫ ሄደ።

ይህን ሁሉ ሬዲዮ አይቷል። ሬዲዮ ከጆሮ ጋር ግቢውን የሚጋራ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሽቦ ከሽቦ ከማገናኘት ወሬ ከወሬ ማገናኘት ይቀናዋል። ጠዋት የሰማውን ከምሳ በፊት ማዶ ሠፈር ያደርሳል፣ ያውም በተናጋሪው በራሱ ድምፅ። የሰው አነጋገር፣ ሳል፣ የበር ሲጥታ፣ ምን ቅጡ፣ ከሰማው እንዳለ ይቀዳዋል። ከመጠን ያለፈ ቀልደኛ ስለሆነ ግን እውነት ሲናገር የሚያምነው የለም። አንዴ ለዚችው ልብስ ሰፊ «ሙሽሪት ወፍራለች» ብሏት ያለቀ ቀሚስ አስፈትቷታል።

ሬዲዮ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ምን ነካህ? ሰውየው ጠና እያለህ እሰይ ትለዋለህ?»

ጆሮ አሁንም ያየው «ደና» ነው። ደና ካሉ ታዲያ እሰይ ማለት ምን ክፋት አለው? ሬዲዮ ደገመለት። አሁንም ደና። ሬዲዮ ቢጨንቀው ዓይኑን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ደረቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነፍሱ ልትወጣ የተቃረበች ሰውዬን ሆኖ አሳየው። ያኔ ገባው።

ገባውና ከእግሩ ሥር አንድ ነገር ተንሸራተተበት። ያሳፈረው የጎሚስታው ጉዳይ ብቻ ቢሆን እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ሬዲዮን ትቶት እዚያ ወደ ቆመች መኪና ሄደና ጎንበስ ብሎ በጎን መስታወቷ ራሱን አየ። «ጠ» አለ። «ደ» አለ። ጠ። ደ። ምላስ ከላይ ጥርስ ጀርባ ትነካለች፣ አፍ ይከፈታል፣ አለቀ። መስታወት ውስጥ ያለው ሰውዬ ለሁለቱም የከፈተው አንድ ዓይነት አፍ ነው።

ታዲያ ትናንት ልብስ ሰፊዋ ያለችው የቱን ነው?

የተራራው መንገድ በዓይኑ መጣ። ወደ ላይ ሲወጡ ሞተር ይሞቃል። ከዚያ አፋፉ። ከዚያ ያ ቁልቁለት፣ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ምንም። ሞተሩ እዚያ ቀጥ ካለ ፍሬኑ ይከብዳታል፣ መሪው ይደርቅባታል። ከኋላ ወንበር ላይ አማቱ አሉ፤ ገደሉን እንኳ አያዩትም።

ስልኩን አውጥቶ ደወለላት። ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ የሆነ ጉምጉምታ ይመስላል። እሷ ትሁን፣ ገና እየጠራ ይሁን፣ ወይስ «የደወሉላቸው ደንበኛ መልስ አይሰጡም» የምትለዋ ሴትዮ ትሁን አልለይልህ አለው። «ቁሚ፣ መኪናዋን አቁሚ» አለ። ጉምጉምታው ቀጠለ። ያቺ ሴትዮ ከሆነች ደግሞ የምታቆመው መኪና የላትም። ስልኩን እንደ ካቻቢቴው ነከሰው፤ ምንም። በመኪና ይከተላት ቢል እሱ ዳገቱን ሳይጀምር እሷ ቁልቁለቱን ትጨርሰዋለች፣ ወይም ቁልቁለቱ እሷን። መልእክት ይጻፍላት ቢል ልብስ ሰፊዋ መሪ ከያዘች ስልኳን የማታይ ጠንቃቃ ሴት ናት። ሁሌ የሚያመሰግናትን ጥንቃቄዋን ዛሬ ረገመው።

ዞር ሲል ግቢው ውስጥ አንድ የሚሰማ ሰው አለ። ከሰው ሁሉ ሬዲዮ። ይህን ገመና ለእሱ መንገር በከተማው አደባባይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ከመናገር በምን ይለያል? ሬዲዮ ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ደንበኛ ይሸሻል፤ ሚስቱ ከጎረቤት ትሰማለች። 

«ለልብስ ሰፊዋ ደውልና አንተ አናግራት» አለው በመጨረሻ።

ሬዲዮ አንተስ ምን ሆነህ ነው የማታናግራት አለው።

«አልሰማም።»

የሬዲዮ ዓይን በራ። አልሰማም ማለት፣ አልፈልግም፣ ተቀይሜአታለሁ ማለት ነው ብሎ ተረጎመው፤ የሚስት እህትና የእህት ባል ጠብ ደግሞ ለሳምንት የሚበቃ ስንቅ ነው። ነገሩ ምን ላይ ተጀመረ ብሎ ሊጠይቅ አፉን አሞጠሞጠ።

«ተቀይሜ አይደለም» አለ ጆሮ። «ጆሮዬ አይሰማም። ከጠፋ ቆይቷል። አሁንም አንተን አፍህን እያየሁ ነው። ትናንት የነገረችኝን ድምፅ ተሳስቼ አንብቤው ከሆነ ቁልቁለቱ ላይ ይሞታሉ። ደውል።»

ሬዲዮ የራሱን ስልክ አውጥቶ ደወለ።

ሲያናግራት ጆሮ ከንፈሩን ሳይነቅል ተከተለው። ልብስ ሰፊዋ አንስታለች። አፋፉ ላይ ናቸው፤ እናቷ እግራቸው ዝሎ ጥቂት ቆመው ነበር፣ አሁን ሞተሩን አስነስታ ልትወርድ ስትል ነው ስልኩ የደረሰባት። ድምፁስ? ብሷል አለች። ሬዲዮ ኮፈኖውን ክፈቺና ስልክሽን ወደ ሞተሩ አስጠጊው አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ አጣብቆ አደመጠ።

ጠ ነው ወይስ ደ አለው ጆሮ። ሬዲዮ ግራ ገባው። ሲያስበው ጠ ይመስለዋል፣ ደግሞ መልሶ ሲያስበው ደ።

«ፊደሉን ተወው። የሰው ሳል እንደምትቀዳው ቅዳው» አለና ጣቶቹን ሬዲዮ ጉሮሮ ላይ አሳረፈ።

በመጀመሪያ ጠ በል አለው። ጉሮሮው ወደ ላይ ዘለለ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ደረቅ ሆነ። ደ በል አለው። ጉሮሮው እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ። እንግዲህ ዓይን ያልለየውን ጣት ለየው። አሁን ሞተሯን ሁን።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለሱቅ ጆሮ ሬዲዮን አንቆ ይዞት ስታይ፣ ይኸው ወሬው መጨረሻው ይህ እንደሚሆን ድሮም አውቃለሁ ብላ ልታገላግል መንገዱን መሻገር ጀመረች። ሬዲዮ በእጁ ተይ አላት። ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ሆነ።

ጉሮሮው እምም አለ። ደ። እምም። ደ። ደ። እያንዳንዷ ክብደት አላት፤ በር እንደሚደበድብ ጡጫ። ጆሮ ነዳጅ ትርገጥና ትልቀቅ አለ። ስትለቀው ደ ደ ደ እያለ ከጣቶቹ ሥር ተንጣጣ። ቫልቭ እንዲህ አይልም።

«አጥፊው በላት። አንድ ርምጃ እንዳትወርድ።»

ሬዲዮ አስተላለፈ። ከዚያ ፊቱ ተጨማደደ፣ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። እሺ አላለችም። ጋሼ ራሱ ትናንት መኪናዋን በዓይኑ አይቶ፣ ብረቱን በጥርሱ ነክሶ «ምንም አትሆኚም» ብሎኛል፤ ዛሬ ሙሽሪት ወፍራለች ያለኝ ሰውዬ ደውሎ ቁሚ ሲለኝ ልቁም? የእናቴ ቀጠሮ ሊያልፍ ነው አለች። ሬዲዮ ዕድሜ ልኩን የቀለደው ቀልድ ተሰብስቦ አንገቱ ላይ ወጣበት። «ቁልቁለቱ በናዳ ተዘግቷል ልበላት?» አለ፣ ውሸት መቼም አይቸግረውም።

ቢላት አታምነውም። ጆሮ ስልኩን ተቀበለው፤ ሌላኛው እጁ አሁንም ሬዲዮ ጉሮሮ ላይ ነው። ሬዲዮ የድምፅ ማጉያውን ተጫነለት።

«ስሚኝ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ብትመልሺልኝ አልሰማሽም፣ ስለዚህ ዝም ብለሽ ስሚ። ጆሮዬ አይሠራም። ለእህትሽም አልነገርኳትም፣ ለማንም። ትናንት ያልሽውን አልሰማሁትም፤ አፍሽን አይቼ ነው የፈረድኩት፣ ፍርዴም ስህተት ነው። ምንም አትሆኚም ያልኩሽን ረስተሽ አጥፊው። ለእኔ ስትይ አጥፊው።»

ከዚያ በኋላ የሚያውቀው ነገር የለም። ስልኩ በእጁ ነው፤ ግን ለእሱ ድንጋይ ማለት ነው። ትመልስለት፣ ትስደበው፣ ኮፈኖውን ዘግታ ቁልቁለቱን ትጀምር፣ አያውቅም። የሬዲዮን ፊት እንዳያይ ፈርቶ ጣቶቹን ብቻ አዳመጠ። ደ። ደ። ሞተሩ አለ። ሬዲዮ ዓይኑን እንደጨፈነ ይቀዳል። ደ። ደ። ባለሱቋ መንገዱ መሀል ቆማ፣ መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉባት፣ ወይ አትመለስ ወይ አትመጣ። ደ።

ጉሮሮው ጸጥ አለ።

ጆሮ ጠበቀ። ሬዲዮ ዋጥ ሲያደርግ አንዴ ተንቀሳቀሰ፤ ሌላ ምንም። ቀና ብሎ አፉን አየው።

«አጠፋችው» አለ ሬዲዮ።

ጆሮ መሬቱ ላይ፣ ጎሚስታው ትቶት የሄደው ጎማ ላይ ተቀመጠ።  ሬዲዮ ገና እያዳመጠ ነው፤ ከወዲያ በኩል አማቱ ስልኩን ተቀብለው ኖሯል። የሚሉትን በራሳቸው ድምፅ፣ በራሳቸው ትንፋሽ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ አወረደለት። ለካስ አይሰማም ኖሯል? እኔኮ ይህን ሁሉ ጊዜ ኩሩ ነው እያልኩ ልቡን እንዲያበርድለት ስለት ተስዬለት ነበር፤ አሁን ስለቱን ወደ ጆሮ ማዞር ይቻል እንደሆነ እንጃ።

መጎተቻ ገመዱን ጫኑና ሁለቱም ወደ ተራራው ተነሱ። መጀመሪያ ግን ጆሮ መኪናውን በቤቱ በኩል አዙሮ ሚስቱን ደጃፍ ላይ አስጠራት። ምን እንዳላት ሬዲዮ አልሰማም፤ መስኮቱን እንዲዘጋ ተነግሮት ዘግቷል፣ ይህንንም በኋላ እንደ ትልቅ ጀብዱ ነው ያወራው። ያየው ግን ሴትዮዋ ቆማ ስትሰማ፣ ስትሰማ ቆይታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ ባሏን ጡንቻው ላይ በቡጢ ስትመታው ነው። ቀላል ቡጢም አልነበረም።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ኮፈኖዋ ተከፍቶ፣ አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለቱ እንደተተከለ ቆማለች። አማቱ ከውስጥ ተቀምጠዋል። ጆሮ የዘይት መለኪያውን ሲመዘው በጣቱ ላይ የብረት ብናኝ አብረቀረቀ። ወደ ታች አየ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ሩቅ አልነበረም። ጣቱን በሱሪው ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፤ አልለቀው ያለ ይመስል።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ከፊቱ ቆመች። ተቆጥታ ይሁን አዝና አልለየም። ክንዱን ያዘችው፣ እንዲያያትም ጠበቀች። ከዚያ እንዲገባው ብላ፣ ያን ከጥርስ ጫፍ የማያልፍ አፏን በልኬት እንደሚቀደድ ጨርቅ እየለጠጠች፣ ፊደል በፊደል፣ በጣም ቀስ አድርጋ አንድ ረጅም ነገር ነገረችው።

በጣም ቀስ ከማለቷ የተነሳ አንድም ቃል አልገባውም።

ወደ ሬዲዮ ዞረ። «ምን አለች?»